ስንዴ ማሳ ላይ የተሰቀለ ሄቪ ሜታል

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ጥቁር ካናቴራ ለብሷል። ደረቱ ላይ ጥርሱን ያገጠጠ አስፈሪ ፍጡር ተስሏል፤ ከፍጡሩ በላይ ደግሞ በሹል በሹል ፊደል የተጻፈ ስም አለ። ያንን ፍጡር የትም ባየው አልስተውም። እኔና ታላቅ ወንድሜ ደምሴ «ሯጮቹ» እያልን የምንጠራቸው የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ባንድ ምልክት ነው። በዚህ ከተማ ስለ እነሱ የማወራው አንድ ሰው እንኳ አጥቼ ነው የኖርኩትና ደስታዬ አላስችል አለኝ።

«ወንድሜ፣ ከካሴቶቻቸው የትኛውን ነው የምትወደው?» አልኩት።

«የማንን ካሴት፣ ማዘር?»

«የእነዚህን ነዋ! ደረትህ ላይ የተሸከምካቸውን።»

ጎንበስ ብሎ ሆዱን አየ። «ይኼ? የልብስ ስም እኮ ነው ማዘር። ብራንድ ነው። ልባሽ ጨርቅ ተራ ነው የገዛሁት፤ ቀለሙ አይለቅም ብለውኝ።»

«ማንነታቸውን ሳታውቅ ደረትህ ላይ ለጥፈሃቸው ትዞራለህ? አታፍርም?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ ሳቀ። መውረጃዬ ገና ነበር፤ እኔ ግን «ወራጅ አለ» ብዬ ከነዘንቢሌ ወረድኩ። ሰውየው ከጠበል ያመለጠች ዕብድ ያየ ይመስል አፉን ከፍቶ ቀረ። ይክፈት። እኔ ሃምሳን የዘለልኩ፣ ደብረ ታቦር ላይ ልብስ በመስፋት የምተዳደር ሴት ነኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ሄቪ ሜታል እወዳለሁ። እነዚህ ሦስቱ በእኔ በኩል ተጣልተው አያውቁም፤ ተጣልተዋል የሚሉኝ ሌሎች ናቸው።

የባንዶቹን ስም እዚህ አልጽፍም። ስም መደርደር የማያውቅ ሰው መታያ ሆኗል፤ የሚያውቃቸው ደግሞ ሳልነግረውም ይለያቸዋል። እኔ ራሴም ቢሆን ስማቸውን ያወቅሁት ዘፈናቸውን በሰማሁ በስንት ዓመቱ ነው። ደምሴ ያመጣቸው ካሴቶች ከሰው የተቀዱ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ሁሉ በሩሲያ ፊደል ነበር። ስለዚህ ስም አወጣንላቸው። እስከ ዛሬም እኔ የማውቃቸው እኛ ባወጣንላቸው ስም ነው።

ደብረ ታቦር ተወልዶ ባሕረኛ መሆን ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ እንጃ። ቤተሰባችን ውስጥ ከርብ ወንዝ የሰፋ ውሃ ያየ ሰው አልነበረም። ደምሴ ግን ባሕር ኃይል ገባ፤ ሩሲያ አገር ተልኮ የመርከብ ሞተር ተማረ፤ ከዚያ ቀይ ባሕር ላይ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ሆነ። በነጭ ልብሱ የተነሳው ፎቶግራፍ ግድግዳችን ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ቀጥሎ ተሰቅሎ ነበር። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ከየጦር ሜዳው በእግሩ የሚመለሰው ወታደር መንገዱን ሞላው፤ እናቴም ጠዋት ማታ በር ላይ እየቆመች የመንገደኛውን ፊት ትመረምር ጀመር። እሱ የመጣው ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ሰማያዊ ካፖርቱን ለብሶ ሳይሆን ተሸክሞ መጣ። በካፖርቱ ውስጥ የተጠቀለለ ቴፕ ሪከርደር ነበር፤ ትከሻው ላይ ደግሞ አንድ የሸራ ቦርሳ ሙሉ ካሴት። ከዚያ ሁሉ አገር ያንን ተሸክሞ ሲመጣ ለራሱ የሚለውጠው ሸሚዝ እንኳ አልያዘም።

ያን ጊዜ ከተማችን ባጃጅ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሁሉም በእግሩ ነው። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። መብራት የሚመጣው ምሽት ላይ ነው፤ ያውም ደስ ሲለው። እኔ ልብስ ስፌት የምለማመድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወንዶቹ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው ሰፊ ሱሪ ነበር የሚያሰፉት፤ ሽንሽኑን የምተኩሰው እኔ ነኝ፤ በከሰል ካውያ። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። በሩ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ስፒከር ተገትሮ ቀኑን ሙሉ የፍቅር ዘፈን ያስጮኻል። እዚያ ስፒከር ፊት ለፊት ቆሞ ሙሽራ የሚመርጥ፣ ተቃጥሮ የሚጠብቅ፣ ያለ ሥራው የሚገተር ወጣት አይጠፋም። ያ ጥግ ዛሬ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆኗል። የእኛ ቤት ሙዚቃ ግን ሌላ ነበር። የደምሴ ቴፕ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ የነብር ምስል ያለበትን ትልልቅ ባትሪ እንደ ጉድ ነበር የሚበላው። ባትሪው ሲደክም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ፀሐይ የጠገበ ባትሪ አንድ ሁለት ዘፈን ያጫውታል፤ ከዚያ ካሴቱ መጎተት ይጀምራል፤ የዘፋኙም ድምፅ እየወፈረ፣ እየወረደ ሄዶ መጨረሻ ላይ ማጉረምረም ብቻ ይሆናል። እኔ ሯጮቹን በትክክለኛው ፍጥነታቸው የምሰማቸው አዲስ ባትሪ በተገዛ ሰሞን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ካነሳሁት አይቀር ልናገር። ከሁሉ የምወዳቸው «አዝጋሚዎቹ» ናቸው። ሄቪ ሜታል የተጀመረው በእነሱ ነው ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። ጊታራቸው እህል የተጫነ አህያ ዳገት እንደሚወጣው ነው የሚሄደው፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም። ሰይጣን ያመልካሉ ሲሏቸው ደሜ ይፈላል። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ድምፅ ይገባኛል፤ ያ ዘፋኝ የሚጮኸው ሰይጣን እንደመጣበት ሰው ነው። የሚፈራ ሰው ድምፅና የሚያስፈራራ ሰው ድምፅ መለየት ያቃተው ጆሮ ስለ ሙዚቃ አፍ ባያውለው ጥሩ ነው። በኋላ ዘፋኝ ለወጡ። ደምሴ ሁለተኛው ይበልጣል እያለ ይሟገተኝ ነበር። አይበልጥም። የሁለተኛው ድምፅ ያምራል፤ ችግሩ እንደሚያምር ያውቀዋል።

ሯጮቹ የደምሴ ናቸው። ባሱ ፈረስ እንደሚጋልብ ነው፤ ሁለቱ ጊታሮች ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ ዘፋኙ ያን ሁሉ ጫጫታ አልፎ ከላይ ይሰማል። ጦርነት፣ ንጉሥ፣ መርከብ፣ የማይዘፍኑት ታሪክ የለም ይለኝ ነበር ደምሴ። እኔ አንዳንዴ ይረዝሙብኛል፤ መጨረሻው መጣ ስትል እንደገና ይጀምራሉ። ጠርዝ ለመስፋት ግን ከእነሱ የሚሻል የለም፤ እግሬ በፔዳሉ ላይ ሳላውቀው ይፈጥናል። ደግሞም ታማኞች ናቸው፤ ፋሽን ተለወጠ ብለው አልተለወጡም። የምቀየማቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ፍጡራቸውን ያገኙት ጨርቅ ላይ ሁሉ አትመው ለባጃጅ ተሳፋሪ ማልበሳቸው።

«ባለቁምጣው» የምንላቸው አሉ፤ ጊታር መቺያቸው በዚያ ዕድሜው የተማሪ ቁምጣ ለብሶ የሚዘል። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ዘፈን ነው የዘፈኑት፤ ስሙን እየለዋወጡ። ግን ጥሩ ዘፈን ነው። በየቀኑ ያው ሽሮ ሆኖ በየቀኑ ሳህኑን ጠርጎ የሚያስበላ ሽሮ አለ አይደል? «ባለፀጉሮቹ» ግን አይነሱብኝ! ከንፈራቸውን ተቀብተው፣ ፀጉራቸውን ነፍተው፣ ፎቶ አንሺ መጣ አልመጣ እያሉ የሚዘፍኑ። እንደ ሰፊነቴ ልናገር፣ የዚያ የተጣበቀ ሱሪያቸው ስፌት አንድ ጊዜ ቁጢጥ ቢሉበት ይተረተራል። ሰው እየተቃጠለ የፈጠረውን ሙዚቃ ወስደው የሰርግ አዳራሽ ጌጥ አደረጉት። «ጀርመኖቹ»ንም እንዲሁ በግማሽ ነው የምወዳቸው። አንድ ቀርፋፋ የፍቅር ዘፈናቸውን ሚኒባሱ ሁሉ ያውቀዋል፤ «እኔም ሮክ እወዳለሁ» የሚለኝ ሰው ሁሉ ሲጨመቅ ከዚያ አንድ ዘፈን ሌላ አያውቅም። የእነዚያኑ ሰዎች የድሮ ካሴት ብታሰማው ጆሮውን ይዞ ይወጣል።

የሚያንገበግቡኝ «ቁጡዎቹ» ናቸው። አሜሪካኖች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ካሴቶቻቸው ላይ እንደዚያ የፈጠነ፣ እንደዚያ የተቆጣ ሙዚቃ በዓለም ላይ አልነበረም። ደምሴ እነሱን ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ አብሮ ይጮኽ ነበር፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይገተራል፤ ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ የሰላም ፊት ይዞ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ በኢንተርኔት ሳገኛቸው ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ ዘፈናቸውን አለስልሰው፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ መስለው አየኋቸው። ሰው ያረጃል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ግን ቁጣህን ሸጠህ ቤት ከሠራህ በኋላ እንደገና ተቆጥቻለሁ ብለህ መድረክ ላይ አትውጣ! ያ ቁጣ የእናንተ ብቻ አልነበረም። እዚህ ዳገት ላይ አንድ ሰው በእሱ ይኖርበት ነበር።

ጎረቤታችን የኔታ ፈንቴ የዜማ መምህር ነበሩ፤ ቤታችንና ቤታቸው በአንድ ግድግዳ ነው የተያያዘው። አንድ ከሰዓት በኋላ መቋሚያቸውን ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ያ ከግድግዳው ወዲያ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው? እስቲ ላድምጠው» አሉ።

ደምሴ ደንግጦ ተነስቶ በርጩማውን ሰጣቸውና አዝጋሚዎቹን ከፈተላቸው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያደረጉ እየመቱ፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይኼስ በገና ነው» አሉ። «ጅማቱ ሥር ቁራጭ ቆዳ ካልገባ በገና እንዲህ አይነዝርም፤ እነዚህም አንድ ነገር አስገብተውበታል። ብቻ የተቆጣ በገና ነው። ማን ነው ያስቆጣቸው?»

«የፋብሪካ ልጆች ናቸው፣ የኔታ» አላቸው ደምሴ።

«እንግዲያማ ይቆጡ» ብለው ተነሱ። ደምሴ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እናቴ ሳቁን ሰምታ ከጓዳ ወጥታ አየችው።

ያንኑ ሰሞን ነው የነገረኝ። በር ላይ ተቀምጠን ባትሪ እያሰጣን ነበር። እኔ ነገር አውጣጥቼው አይደለም፤ ሙዚቃውን ለምን እንዲህ እንደሚያስጮኸው ብቻ ነው የጠየቅሁት።

«እታለም፣ የመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሰው ሰውን አይሰማም» አለኝ። «በእጅ ነው የምንነጋገረው። መጀመሪያ ጆሮ ያማል፤ በኋላ ይለመዳል። እንዲያውም እኔ እንቅልፍ ደህና አድርጎ የሚወስደኝ እዚያ ሆኜ ነው።»

«ከዚያስ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ከዚያማ የተመታን ዕለት ሞተሩ ቀጥ አለ። ሞተሩ ሲቆም ሁሉንም ሰማሁ። ከላይ የሚቃጠሉትን ልጆች፣ በየድምፃቸው። የንጉሤን ለይቼ ሰማሁ፤ የታዬን ለይቼ ሰማሁ።» ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ገለባበጣቸው። «አሁንም ቤቱ ጸጥ ሲል እሰማቸዋለሁ። ይኼ ሲጮኽ ግን አልሰማቸውም።»

እንግዲህ ነገሩ ይኼው ነው፤ ከዚህ ያለፈ ምስጢር የለውም። ወንድሜን ያመመው ጸጥታ ነበር። መድኃኒቱን ደግሞ ማንም ሳያዝለት ራሱ ፈልጎ አግኝቶ፣ ተሸክሞ መጥቷል። ለእናቴ ነገርኳት። «አንቺ ልጅ፣ የዘፈን ነገር አታውሪብኝ» አለችኝ። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ፈርታ ነበር። የሠፈሩ ሴት ሁሉ ውሃ ስትቀዳ «ልጅሽ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?» እያለ ነጋ ጠባ ይጠይቃት ነበር።

የእናቴ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰ። ቤታችን በማኅበርተኛ ተሞላ። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ አበጀም ነበሩ፤ እህል ነጋዴ፣ ሳይጠየቁ የሚፈርዱ፣ ሰው ሲናገር አፉን የሚያስይዙ። የኔታ ፈንቴም ጸበል ጻዲቁን ሊባርኩ ተጠርተው ከፍ ካለው ቦታ ተቀምጠዋል። ደምሴ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ለእንግዳው ክብር ሲል ቴፑን ዘግቶ። ከዚያ ለጸሎት ሁሉም ተነሳና ቤቱ ጸጥ አለ። የዝንብ ድምፅ የሚሰማበት ጸጥታ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ምን እንደሚመጣ አውቄዋለሁ። ደምሴ የቻለውን ያህል ቻለ። በመጨረሻ አልቻለም፤ ቁጡዎቹን ከፈተና አብሯቸው ይጮኽ ጀመር። ባትሪው ደግሞ ፀሐይ ላይ የዋለ አሮጌ ባትሪ ነው። ሰው ተደናግጦ ሲተያይ ካሴቱ መጎተት ጀመረ፤ ያ ፈጣን ድምፅ ወፈረ፣ ወረደ፣ ወንድሜም እየተከተለው ድምፁን አወረደ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ማጉረምረም ሆኑ። አያ አበጀ ዘለው ሄደው መጋረጃውን ገለጡት። ደምሴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ላብ አጥምቆት፣ ከጉሮሮው እያጉረመረመ ቁጭ ብሏል።

«አያችሁ! ድምፁን ለወጠ!» አሉ አያ አበጀ። «ሰማችሁት? ድምፁን ለወጠ!»

ሴቶቹ አማተቡ። እኔ ጮህኩ። «ባትሪ ነው! አያ አበጀ፣ ባትሪው አልቆ እኮ ነው!»

«ዝም በይ አንቺ! ወይስ አንቺንም ይዞሻል?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ወይኔ ልጄን! ባሕር በላብኝ ልጄን!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። የኔታን አየኋቸው። ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ያንን ድምፅ የሰሙ ሰው ናቸው፤ በገና ነው ያሉ ሰው ናቸው። አቀርቅረው መቋሚያቸውን ያያሉ።

ጠበል ወሰዱት። የቦታውን ስም አልጽፍም፤ ጠበሉ አልበደለንም። ሱባኤ ሙሉ በዚያ ብርድ ገና ጎሕ ሲቀድ ከውሃው ሥር ያቆሙታል፤ እኔና እናቴ ቆሎና ውሃ ይዘን ከዳር እንጠብቃለን። አጥማቂው በመቁጠሪያ ጀርባውን እየመታ ይጠይቀዋል። «ማን ነህ? ተናገር!» ደምሴ ዝም ይላል። አንድ ጠዋት ግን ደከመው መሰለኝ።

«ከየት ነው የያዝከው?» አለው አጥማቂው።

«ከባሕር» አለ ደምሴ።

ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴም እልል አለች። የባሕር መንፈስ ነው፣ ተናገረ፣ ሊለቅ ነው ተባለ።

«ስንት ናችሁ? ስማችሁን ተናገሩ!»

ወንድሜ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ስም ይጠራ ጀመር። ንጉሤ። ታዬ። ክፍሎም። አበበ። ሌሎችም ነበሩ፤ እልልታው ዋጣቸው። የተቃጠሉትን ጓደኞቹን ነው የሚጠራው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆሞ ሙታኑን እየጠራ ነው፤ የተሰበሰበው ሰው ደግሞ የአጋንንት ስም መስሎት ያጨበጭባል። ንጉሤ የሚባል ጋኔን ማን አይቷል? አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «ቆይ እስቲ፣ እነዚህ እኮ የሰው ስም ናቸው» አይልም? «ለቅቄያለሁ በል!» ተባለ። «ለቅቄያለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ፤ ዳነ ተባለ።

ስንመለስ በየኔታ ቤት በር ላይ ቆምኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ለትልቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም። «የኔታ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር። ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እናት ልጇን ላድን ብላ ስትሮጥ በምን አፌ ቁሚ ልበላት?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን እንባቸውን እስከ ዛሬ አልተቀበልኳቸውም። አያ አበጀ አያውቁም ነበር፤ ባለማወቃቸው እንደ ኮሩ ሞቱ። የኔታ ግን ያውቁ ነበር።

ቤት ስንደርስ ቴፑም የለም፣ ቦርሳውም የለም። አያ አበጀ «ርኩስ ነገር ከቤት ይውጣ» ብለው ወስደውታል። እሳት ውስጥ የጨመሩት መስሎኝ ነበር። የት እንደገባ ያወቅሁት ስንዴው ባሸተ ወራት ነው። ለሠርግ ልብስ ልኬት ልወስድ ከከተማችን ወጣ ብላ ወዳለችው ገሳይ ሄጄ ከመንገዱ ዳር ካለ ማሳ አጠገብ ስደርስ አንድ እምምም የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ስንዴው ላይ ከእንጨት ወደ እንጨት ቡናማ ጥብጣብ ተወጥሯል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል፣ ነፋስ ሲመጣ ይነዝራል። ከማሳው ዳር የተጣሉትን ባዶ የካሴት ቀፎዎች አነሳኋቸው። ጀርባቸው ላይ የሩሲያ ፊደል አለ።

ባለ ማሳው፣ የአያ አበጀ ዘመድ፣ ፊታቸው በደስታ እየበራ መጡ። «አየሽልኝ? ወፍ የሚባል ድርሽ አይልም! አያ አበጀ ናቸው የሰጡኝ። እንዲህ ያለ ክር አይቼም አላውቅ» አሉኝ።

እኚህን ሰው ምን ብዬ ልቆጣቸው? እህላቸውን ነው የሚጠብቁት። አዝጋሚዎቹ፣ ሯጮቹ፣ ባለቁምጣው፣ ቁጡዎቹ፣ ሁሉም እዚያ ስንዴ ላይ ተዘርግተው፣ የቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ፣ ለወፍ ማስደንገጫ ሆነዋል። መንገዱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። የንዴት ልቅሶ ነበር፤ ልኬቱንም ሳልወስድ ተመለስኩ።

ደምሴ ከዚያ ወዲህ የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ይኖራል። አላገባም። ሰላም ሲሉት ይመልሳል፣ ሲሰጡት ይበላል፣ ሌሊት ግን አይተኛም፤ ለጥበቃ ሥራ የተመረጠውም እንቅልፍ ስለማይወስደው ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ልጄን ማርያም መለሰችልኝ» እንዳለች ኖረች። አያ አበጀም በየልቅሶ ቤቱ እንደ ተአምር ያወሩት ነበር፤ እኔ ተነስቼ እወጣለሁ። ዳነ! የማይስቅ፣ የማይጮኽ፣ የማይተኛ ሰው ዳነ ይባላል። ሰው ካላስቸገረ ድኗል ማለት ነው በእኛ አገር።

ስማርት ስልክ ከገዛሁ ቆይቷል። ባንዶቹን ሁሉ እዚያ ውስጥ አገኘኋቸው፤ እኔ ከማውቃቸው ይልቅ ፈጣኖች ናቸው፤ ለካ ዕድሜዬን ሙሉ በደከመ ባትሪ ልክ ነው በልቤ ስዘፍናቸው የኖርኩት። አሁን አርጅተው ስንብት ነው እያሉ ከአገር አገር ይዞራሉ፤ በዓመቱ ተመልሰው እንደገና ይሰናበታሉ። ይኼንም ያንንም እየሰማሁ ብቻዬን የስፌት መኪናዬን እነዳለሁ፤ ለደምሴ ግን አሰምቼው አላውቅም ነበር። የተዳፈነ እሳት መቆስቆስ ይሆንብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ያን ቅዳሜ ግን ከባጃጁ በንዴት ከወረድኩ በኋላ እግሬ ወደ ቤቴ አልሄደም። ሯጮቹን ቀለማቸው አይለቅም ብሎ የገዛቸው ሰው ለብሷቸው ይዞራል፤ በእነሱ ነፍሱን ያቆየው ሰው ደግሞ ጸጥ ያለ መጋዘን በር ላይ ተቀምጧል። ከነዘንቢሌ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ።

ደምሴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፀሐዩ ፊቱ ላይ ወድቋል። ፀጉሩ ሁሉ ሸብቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩና የስልኬን ማዳመጫ ጆሮዎቹ ውስጥ አስገባሁለት። ፈቀደልኝ። ቁጡዎቹን ከፈትኩለት፤ የድሮዎቹን፣ ፀጉራቸውን ሳይቆረጡ የዘፈኑትን። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ቆይቶ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃላቱን አልረሳቸውም። ከዚያ እጄን በድንጋጤ ያዘኝ።

«ቀንሺው፣ እታለም» አለኝ።

«ምነው ወንድም ጋሼ፣ ጆሮህን አመመህ?»

«አይ፣ እሱስ አላመመኝም።» ወደ መንገዱ አየ፤ ዞር ብሎም ከኋላው አየ። «እማዬ ትሰማለች።»

እማዬ ከሞተች ስንት ዓመቷ ነው። ማዳመጫው ጆሮው ውስጥ ነው፤ ክንዱ ክንዴን እየነካው ለእኔ እንኳ ዘፈኑ አይሰማኝም።

«ትስማ» አልኩትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት።